መኖው ውስጥ የሌለውን ኢንዛይም አያመጣውም

ጥያቄ፦ «ቀበና አካባቢ በግቢያችን 300 የሥጋ ዶሮዎች አረባለሁ። አሁን 24 ቀናቸው ነው። ወጪ እንዲቀንስልኝ ከፋብሪካ የምገዛውን መኖ ከራሴ ቅልቅል ጋር ግማሽ በግማሽ እሰጣለሁ። የእኔ ቅልቅል ከእህል በረንዳ የማመጣው በቆሎና የተሰባበረ ስንዴ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። አንድ መኖ ሻጭ ‹ኢንዛይም ይስጧቸው፤ መኖ ይቆጥባል፣ በ35 ቀን ሁለት ኪሎ ይገባሉ› ብሎኝ አንድ ኪሎ ገዛሁ። በመጠጥ ውሃ በጥብጬ አንድ ሳምንት ሰጠኋቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። ኩሳቸው እርጥብና የሚያጣብቅ ነው፤ ጥቂቶቹ እግራቸው ተወላግዷል፤ ሁለቱ ሆዳቸው ተነፍቶ ሞቱ። ጎረቤቶች ደግሞ ‹ሆርሞን ነው፣ ሰው ይጎዳል› ይላሉ። መጠኑን ልጨምር ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ መጠኑን አይጨምሩ። በውሃ መስጠቱንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች ውስጥ ኢንዛይም በትክክል ሊነካ የሚችለው አንዱን ነው፤ እሱንም በከፊል። ሌሎቹ የመጡት ከመኖው አቀላቀልና ከአዲስ አበባ ከፍታ ይመስላል።

የጎረቤቶችዎን ስጋት ቶሎ ላንሳና ልለፈው። የመኖ ኢንዛይም ሆርሞን አይደለም። ከሻጋታ ወይም ከባክቴሪያ በፋብሪካ የሚመረት ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም በመኖ ውስጥ ያለን ትልቅ ንጥረ ነገር መቆራረጥ ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ በስሙ ባይጠራውም ያውቀዋል፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅል ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ዶሮ ውስጥ ሲገባ ሥራውን የሚሠራው አንገት ሥር ባለው የመኖ ከረጢት፣ በጨጓራና በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ራሱ ይፈጫል፤ በሥጋው ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም። የሥጋ ዶሮ በፍጥነት የሚያድገው ለብዙ ትውልድ በተደረገ የዘር ምርጫና በተመጣጠነ መኖ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሥጋውን ለሚበላው ሳይሆን ዱቄቱን ለሚቀላቅለው ሰው ነው፤ የኢንዛይም ብናኝ በተደጋጋሚ ሲሳብ የመተንፈሻ አለርጂና አስም ያመጣል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ፤ ልጆችም አጠገብዎ አይሁኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ኢንዛይም» በሚል አንድ ስም የሚሸጡት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚቆርጠው የራሱ ነገር አለው። ያ ነገር መኖው ውስጥ ከሌለ ኢንዛይሙ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ግራም?» ሳይሆን «የትኛው ኢንዛይም፣ በየትኛው መኖ ላይ?» መሆን ነበረበት። የገዙት እሽግ ላይ የኢንዛይሙ ስም፣ በአንድ ግራም ስንት ዩኒት (የኢንዛይም የሥራ አቅም መለኪያ) እንዳለውና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈ፣ ምን እንደገዙ እርስዎም ሻጩም አታውቁትም። ቫይታሚንም ማዕድንም ኢንዛይምም ሁሉንም ይዟል ተብሎ ያለ ዝርዝር የሚቸበቸበውን ዱቄት ለማንም አልመክርም።

በሥጋ ዶሮ መኖ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ፋይቴዝ ነው። በእህልና በፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ያህል ፋይቴት በሚባል ውህድ ውስጥ ታስሯል። ዶሮ ይህን ውህድ ለመፍታት የሚበቃ የራሷ ፋይቴዝ ስለሌላት ፎስፈረሱ ባብዛኛው ከኩስ ጋር ይወጣል። የበቆሎን ነገር በቁጥር ብንወስደው፣ ጥቅል ፎስፈረሱ 0.28 በመቶ ገደማ ሲሆን ከፋይቴት ውጭ ያለው ግን 0.08 በመቶ ብቻ ነው። የጫጩቷ ፍላጎት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 0.45 በመቶ ነው። ፋይቴት ጥፋቱ በፎስፈረስ ብቻ አያበቃም፤ ካልሲየም፣ ዚንክና ብረት ይይዛል፣ በጨጓራው አሲድ ውስጥም ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ፋይቴዝ ይህን ሲፈታ ፎስፈረሱ ወደ አጥንትና ወደ ሴሎች የኃይል ሥራ ይሄዳል፤ ከታሰሩት ማዕድናትና አሚኖ አሲዶችም ጥቂቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ሲቀርብ ዋናው ግፊት የመጣው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከኔዘርላንድስ ነበር፤ በእንስሳት ፍግ የሚወጣው ፎስፈረስ አፈሩንና ውሃውን እየበከለ ስለነበር። የመኖ ወጪ መቀነሱ ፋብሪካዎችን የሳበው ኋላ ነው።

የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ መኖ 500 ዩኒት ነው። ይህ በግምት ከ0.1 እስከ 0.15 በመቶ የሚሆን ፎስፈረስ ነፃ ያወጣል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከላይ ካለው 0.45 ጋር ሲያነጻጽሩት ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቀማሪው ውዱን የፎስፈረስ ማሟያ፣ ዳይካልሲየም ፎስፌትን፣ በዚያው ልክ ይቀንሳል። «ኢንዛይም መኖ ይቆጥባል» የሚባለው እውነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀመሩ ሲቀነስ። ሙሉ በሆነ መኖ ላይ እንዲሁ ከላይ ቢነሰነስ ለዶሮዋ የማያስፈልጋትን ፎስፈረስ መፍታት ብቻ ነው። የፋብሪካ መኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይቴዝ ተቀላቅሎበት፣ ቀመሩም በዚያው ተስተካክሎ ይመጣል። የሚገዙበትን ፋብሪካ ይጠይቁ፤ ይህን መናገር የሚደብቁት ምስጢር አይደለም።

እግራቸው የተወላገደው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይከተላል። የፋብሪካውን መኖ በግማሽ ሲያቀጥኑት ኃይል ሰጪውን ብዙም አልቀነሱትም፤ በቆሎና ስንዴ አለበት። የቀነሱት ካልሲየምን፣ ነፃ ፎስፈረስን፣ ቫይታሚን ዲንና ላይሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ነው። በቆሎ፣ ስንዴና ፉርሽካ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል፤ ቫይታሚን ዲ ጭራሽ የለም። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን ቢኖረውም በላይሲን ደካማ ነው፤ በቆሎም እንዲሁ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። አንድ በመቶ ካልሲየም የነበረው የጫጩት መኖ በእርስዎ ቅልቅል ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው። ፋይቴዝ የታሰረ ፎስፈረስ ይፈታ ይሆናል፤ ያልተጨመረ ካልሲየም ግን ከየትም አያመጣም። ቫይታሚን ዲ ከሌለም ያለው ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይሰረግም። የዶሮዎቹን መንቁር በጣትዎ ጫን ብለው ይመልከቱ፤ ጠንካራ መሆን ሲገባው ከተለመጠ የአጥንት ማዕድን እጥረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የኖራ ድንጋይ ዱቄት በእፍኝ ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ከፋይቴት ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ውህድ ይሠራል፣ የጨጓራውንም አሲድ ያዳክማል፤ በዚህም የፋይቴዝን ሥራ ያበላሻል። ሚዛኑ ካልሲየም ሁለት፣ ነፃ ፎስፈረስ አንድ ነው። በዚሁ ምክንያት የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለሥጋ ዶሮ አይሰጥም፤ ካልሲየሙ ከሦስት በመቶ ተኩል በላይ ስለሚሆን የጫጩቶችን ኩላሊት ይጎዳል። ረከሰ ተብሎ የሚገዛ አይደለም።

የሚያጣብቀው ኩስ ሌላ ታሪክ ነው፤ ከኢንዛይም ጋር በእርግጥ የሚገናኘው እሱ ነው። ስንዴ አራቢኖዛይላን፣ ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባሉ አሰር መሳይ ነገሮች አሏቸው። የሚሟሟው ክፍላቸው በአንጀት ውስጥ ፈሳሹን ያወፍረዋል። ፈሳሹ ሲወፍር የዶሮዋ የራሷ ኢንዛይሞችና ሐሞቷ ከመኖው ጋር በደንብ አይገናኙም፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የስብ መፈጨት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጫጩቷ ገና በቂ ሐሞትና ስብ ፈጪ ኢንዛይም ሳይኖራት። ሳይፈጭ የተረፈው ወደ ታች ወርዶ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል፤ ኩሱ ይዝለገለጋል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ይነሳል። መሀል ከተማ ውስጥ ደግሞ አሞኒያ ዶሮዎቹን ብቻ አያስለቅስም፤ ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤትም አለ።

ዛይላኔዝ የሚባለው ኢንዛይም እነዚህን ረጃጅም ሰንሰለቶች ከመካከል ይቆራርጣቸዋል። ወደ ስኳር መለወጥ አይጠበቅበትም፤ ማሳጠሩ ብቻ ውፍረቱን ይሰብራል። ስንዴ በብዛት ባለበት መኖ ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ገብስ ካለ ቤታ ግሉካኔዝ ይታከላል። በቆሎና አኩሪ አተር ላይ ብቻ በቆመ መኖ ግን የሚወፍር ነገር ስለሌለ ውጤቱ ትንሽ ነው። ፉርሽካም ከስንዴ ይምጣ እንጂ አሰሩ ባብዛኛው የማይሟሟ ዓይነት ነው። የእርሱ ችግር ማወፈሩ ሳይሆን ሆድ ሞልቶ ኃይል አለመስጠቱ ነው። በሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ፉርሽካ ከ5 በመቶ ባያልፍ እመርጣለሁ። ለከብት ግሩም መኖ ነው፤ በአርባ ቀን ለገበያ መድረስ ላለባት ዶሮ ግን ርካሽነቱ ያታልላል።

ሆኖም ኩሱን በስንዴው ላይ ከመደምደምዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። መጠጫዎቹ ያፈሳሉ? ቅልቅሉ ውስጥ ጨው በዝቷል? ኩሱ ቡናማ ወይም ደም የቀላቀለ ነው፣ ዶሮዎቹስ ላባቸውን አንጨፍርረው ይኮራመታሉ? የመጨረሻው ካለ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ኩሱን ይዘው ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኮክሲዲያን የሚያድን ኢንዛይም የለም። በሻገተ በቆሎና ፋጉሎ የሚመጣውን አፍላቶክሲንም እነዚህ ኢንዛይሞች አይነኩትም። ፕሮቲን የሚቆርጠው ፕሮቲዬዝ የሚባለውም ቢሆን ያልተቆላ አኩሪ አተርን የተቆላ አያደርግም፤ ወደፊት አኩሪ አተር ከጨመሩ በሙቀት የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሆዳቸው ተነፍቶ የሞቱት ያሳስበኛል፤ ሁለት ናቸው ብለው አይናቁት። ሳላይ ምርመራ መስጠት አልችልም፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ሲሞት ሆዱን ከፍተው የገለባ ቀለም ያለው ቢጫ ፈሳሽ ካገኙና የልቡ ቀኝ ክፍል ተለጥጦ ካዩት፣ አሳይተስ የሚባለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በፍጥነት የሚያድግ ዶሮ ሥጋው የሚጠይቀውን ኦክስጅን ለማድረስ ልቡ ደምን ወደ ሳንባ በኃይል ይገፋል፤ የሳንባው የደም ግፊት ይጨምራል፤ ቀኙ ልብ ሲደክም ፈሳሹ ከጉበት እየተንጠባጠበ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ብርድ፣ ጭስ፣ አሞኒያና የበዛ ጨው ያባብሱታል። የጫጩት ቤቱን በከሰል እያሞቁ መስኮቱን ደፍነውት ከነበረ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የለብዎትም።

የሻጩ ተስፋ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። በ35 ቀን ሁለት ኪሎ መድረስ ለሮስ 308 ወይም ለኮብ 500 የሚቻል ነገር ነው፤ የዘሮቹ አምራቾች ከዚያም በላይ ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው በዝቅተኛ ቦታ፣ በተቆጣጠሩት ሙቀት፣ በተሟላ መኖ ነው። ቢሾፍቱ እንኳን ከእርስዎ ግቢ በአምስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ቀበና ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እድገቱን ትንሽ ገታ ማድረግ እንጂ ማስሮጥ አይደለም የሚበጀው፤ በእንክብል ፋንታ የዱቄት መኖ መስጠት፣ ከአንድ ሳምንት ዕድሜ በኋላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ያህል ጨለማ መተው። በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ወደ 21 ይውረድ። ሙቀቱን ለመጠበቅ አየሩን አይዝጉ። በ42 ቀን ሁለት ኪሎ የደረሱ 290 ዶሮዎች፣ በ35 ቀን ከደረሱ 250ዎቹ ይሻላሉ።

የመጠኑን ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ እስክትደርስ በደህና አያያዝ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ ለ300 ዶሮ አንድ ቶን ገደማ ነው። በአንድ ግራም 5,000 ዩኒት ያለው ፋይቴዝ ለአንድ ቶን 100 ግራም ይበቃዋል። የራስዎ ቅልቅል የመኖው ግማሽ ስለሆነ የሚያስፈልግዎ 50 ግራም ነበር። የገዙት አንድ ኪሎ ነው! የእሽጉ ጥንካሬ የተለየ ቢሆንም እንኳ ለብዙ ዙር የሚበቃ ዱቄት ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ቀኑ ያልፍበታል ወይም እርጥበት ይገድለዋል። በውሃ መበጥበጡም ከንቱ ነው፤ ለደረቅ መኖ የተሠራው ዱቄት በማጠራቀሚያው ሥር ይዘቅጣል፣ አንዷ ዶሮ አሥር እጥፍ ስትጠጣ ሌላዋ ምንም አታገኝም።

ወደፊት በመኖ ሲቀላቅሉ ለ200 ኪሎ 20 ግራሙን መጀመሪያ በአንድ ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ ያንን በአሥር ኪሎ፣ ከዚያ በጠቅላላው ያዋህዱ። በግራም የሚመዝን ሚዛን ከሌለዎት አይጀምሩት። ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ በሙቅ ውሃ የተለወሰ መኖ ውስጥ ይሞታል፤ ለሙቀት ያልተዘጋጀው ዓይነት እንክብል በሚሠራበት 80 ዲግሪና ከዚያ በላይም አይተርፍም። በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከማዕድን ቅልቅል (ፕሪሚክስ) ተለይቶ ይቀመጥ።

ምርጫዎ ሦስት ነው። ሙሉ የፋብሪካ መኖ ሳይነካኩ መስጠት ይችላሉ። ወይም ኮንሰንትሬት (ከእህል ጋር ተቀላቅሎ መኖውን የሚያሟላ የተከማቸ መኖ) ገዝተው አምራቹ በጻፈው ልክ በበቆሎና በተቆላ አኩሪ አተር መቀላቀል ይችላሉ። ወይም ሁሉንም ከባዶ ራስዎ መቀመር ይችላሉ፤ ይህ የላቦራቶሪ ትንተናና የቀመር ባለሙያ ስለሚፈልግ ለ300 ዶሮ አያዋጣም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ እስከ 21 ቀን ሙሉ የፋብሪካ መኖ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ወጪው ከከበደዎት ኮንሰንትሬቱ። ግማሽ በግማሹን ይተዉት፤ ርካሽ የሚመስለው በኪሎ መኖ ሲሰላ ነው፤ በኪሎ ሥጋ ሲሰላ ውድ ነው። ኢንዛይም የሚገዙት ኮንሰንትሬቱ ፋይቴዝ እንደሌለው ካረጋገጡ ብቻ ነው። ዛይላኔዝ ደግሞ ስንዴው ከበቆሎ ረክሶ በብዛት ሊጠቀሙ ሲያስቡ ይገዛል። በተሟላ መኖ ላይ ከኢንዛይም የሚጠበቀው ጥቅም ጥቂት በመቶ ነው፤ ፋይቴዝም ዛይላኔዝም ፕሮቲዬዝም ቢደራረቡ ጥቅማቸው አይደመርም፤ የሚሻሙት ያንኑ ሳይፈጭ የቀረ መኖ ነውና።

ጥቅሙን ማየት ከፈለጉ በሚቀጥለው ዙር ቤቱን በመረብ ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ብቻ ይስጡ፤ የበሉትንም የመዘኑትንም በ21 ቀንና በመጨረሻ ይጻፉ። ጫጩት የሚያስገቡበትን ቀንም ያስቡበት። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም መካከል የደረሰ ዶሮ ፋሲካን እየጠበቀ ሲቆይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭማሪ የሚበላው መኖ እየጨመረ ይሄዳል፤ ያንን ኪሳራ የሚመልስ ዱቄት አልተሠራም።

አሁን በእጅዎ ላሉት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን የዕድሜያቸውን የፋብሪካ መኖ ይስጡ፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥተው ደረቅ ሰጋቱራ ይተኩ፤ መስኮቱን ይክፈቱ። ከማዕድን እጥረት የደከሙት በሳምንት ውስጥ ጠንከር ሊሉ ይችላሉ። አጥንታቸው የተጣመመው ግን አይቃኑም፤ መኖና ውሃ ጋ መድረስ እስካልተሳናቸው ለብቻቸው ለይተው በመጀመሪያው ዕድል ይሽጧቸው።